ከኦክላንድ ሲያትል ሁለት ሰዓት

ባለፈው ሰኞ ከኦክላንድ ወደ ሲያትል ስበር ካፒቴኑ «ነፋሱ አግዞናል፣ ቀደም ብለን እንደርሳለን» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ግን የአብሽ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ። ከየት መጣ አትበለኝ፣ አብሽ የያዘ ሰው አልነበረም።

እኛ ኦክላንድ ስንኖር ሲያትል ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ይኖር ነበር። በየበዓሉ ስትደውልለት «ሁለት ሰዓት እኮ ናት! ብድግ ብዬ እመጣለሁ» ትለዋለች። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅተን እንሄድ ነበር። ሲያትል ግን ቅርብ ናት እያልን ሳንሄድ ዓመታት አለፉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ጠዋት አባቴ ጋራዥ ውስጥ ጠራኝና በሩን ዘጋ። አጎቴ በድንገት ሞቷል።

«ለእናትሽ ታሟል ነው ያልኳት» አለኝ። «መርዶ እንዲህ በችኮላ አይነገርም። እዚህ ከሰማች ደግሞ አውሮፕላን አትሳፈርም። እዚያ ሽማግሌዎቹ ቁጭ አድርገው ይነግሯታል። እኔ ከሰዎች ጋር በመኪና እከተላችኋለሁ። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ።»

«ዋይ ሚ?» አልኩት።

«ሌላ ማን አለኝ?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እናቴ ለወንድሟ አብሽ በፌስታል ቋጥራ ይዛ ነበር። ኤርፖርት ፈታሹ ፌስታሉን ሲፈታው ሽታው አካባቢውን አወደው። «ለወንድሜ ነው በይው፤ ታሞብኝ ነው» አለችኝ። እየጨነቀኝ ተረጎምኩላት። ሰውየው «ጌት ዌል ሱን»፣ ይማርልሽ ብሎ መለሰላት፤ እሷም ከልቧ አመሰገነችው።

አውሮፕላኑ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ አረፈባት። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናቴን እንደዚያ ዘና ብላ አይቻት አላውቅም። ጫማዋን አወለቀች። ወንድሟ በልጅነቱ ፀጉር መቆረጥ ፈርቶ አልጋ ሥር እንዴት ይደበቅ እንደነበር እያወራች ብቻዋን ሳቀች። «እኔን ሲያይ ይነሳል። የሚያበላው ሰው አጥቶ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም» አለችና እጄን ያዘች።

«ገና ነው?» ትለኛለች በየመሃሉ።

«ገና ነው፣ እማ።»

ሲያትል የዓለም ዳርቻ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። እዚያ ሰማይ ላይ እስካለን ድረስ ለእሷ ወንድሟ በሕይወት ነበረ። መሬት ስንነካ ግን ይሞትባታል።

ሲያትል በደመና ተሸፍና ስለነበር ወዲያው አልወረድንም። አውሮፕላኑ መዞር ጀመረ። «ምነው ላንድ አያደርግም እንዴ? ልጁ እየጠበቀኝ እኮ ነው!» ብላ ተቆጣች። እኔ በልቤ አንድ ዙር ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አንድ ዙር ተጨመረልኝ። ከዚያ ጎማው መሬት ነካ።

ቀሪውን አልነግርህም፤ ልቅሶ ቤት ታውቃለህ። አብሹ እንደተቋጠረ ኦክላንድ ተመለሰ።

ስለደበቅኳት ትቀየመኛለች ብዬ ለዓመታት ስፈራ ኖሬያለሁ። እናቴ አሁን አርጅታለች። ያን ቀን ስታነሳ ስለ መርዶው አንድም ቃል አይወጣትም። እጄን ትይዝና «አውሮፕላኑ ላይ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር» ትለኛለች፤ «ወንድሜን ላየው ስሄድ።»