ከቆላው አየር የተወለዱ ብናኞች

ወርቅነሽ በሸዋ ሮቢት ዳርቻ ባለችው የአየር ጠባይ ጣቢያ ዝናብና ሙቀት መመዝገብ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መስከረም ላይ አብዱልመጂድ የሚባል ተመራማሪ በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ዓመት ሙሉ የሠራ መሣሪያ አምጥቶ ጣቢያው ውስጥ ተከለና ይጠብቁት ብሎ ሰጣት። መሣሪያው አዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙ ለዓይን የማይታዩ ብናኞችን ይቆጥራል። እዚያ የባሕሩ ውኃ ከዳርቻው ሲሸሽ ከአየሩ ጋዝ አዳዲስ ብናኞች ሲወለዱ አብዱልመጂድ አይቷል። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላም ይወለዱ እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል።

ጥቅምት ላይ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ወርቅነሽ ደስ ብሏት ደወለችለት። በኋላ ነገሩ የአገዳ ቃጠሎ ጭስ ሆኖ ተገኘ። "ጭሱ አፍንጫዎ ሥር እያለ?" ብሎ አብዱልመጂድ የተናገራት ነገር ውስጧ ቀረ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ቁጥሩ እንደገና ዘለለ። በዚህ ጊዜ ለመደወል አልቸኮለችም። አጥሩን ዞረች፣ በቀወት በኩል ያለውን ማሳ ቃኘች፣ አየሩን አሸተተች። ጭስ የለም። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። ያን ጊዜ ደወለች።

"ጭስ ነው፣ ይሰረዝ" አላት አብዱልመጂድ። መሣሪያውን ሊያይ ወደ ጣቢያው ለመምጣት ከከተማ ገና መነሣቱ ነበር።

"አይሰረዝም ዶክተር። ዞሬ አይቻለሁ።"

አብዱልመጂድ መለያውን ነገራት። "የጭስ ብናኝ አድጎ ነው የሚመጣው። አዲስ የተወለደ ግን ከትንሹ ጀምሮ በየሰዓቱ ያድጋል። መሣሪያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያድግ ካሳየን አምንዎታለሁ።"

አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የመሣሪያው የመጠባበቂያ ባትሪ አርጅቷል፣ ከግማሽ ሰዓት አይዘልቅም። መሣሪያው አንዴ ከጠፋ ዕድገቱ ተከታትሎ ስለማይታይ ጠዋት የታየው ሁሉ ከንቱ ነው። ጎረቤቷን ሙዐዊያን፣ የባጃጅ ሹፌሩን፣ የባጃጁን ባትሪ እንዲያውሳት በስልክ ለመነችው።

የባጃጁ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አላት። የሞተሩ ጭስ! እጇን እያወዛወዘች ሮጠች።

"እዚያው አጥፋው፣ አትቅረብ።"

ሙዐዊያ አጠፋ። ባትሪውን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ባትሪው ማለቁን የሚያመለክተው የመሣሪያው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ወርቅነሽ ልታስረው ብትሞክር ሽቦው አልያያዝ አላት።

"እትዬ፣ እኔ ልያዘው፤ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ነገረችው፣ አሰረው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ እየወጣች ታሸታለች፣ የነፋሱን አቅጣጫ በደብተር ትጽፋለች። ሙዐዊያን ወደ ሥራህ ሂድ ብትለው "ባትሪዬ እዚህ ነው፣ በምን ልሂድ?" ብሎ የጣቢያው ጥላ ሥር ተቀመጠ። የብናኞቹን መጠን በሚያሳየው ስክሪን ላይ ከታች የጀመረው ቀለም ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ብናኞቹ እያደጉ ነው።

አብዱልመጂድ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሰ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ስክሪኑ ፊት ቆመ፣ ከዚያ ደብተሯን ገጽ በገጽ አገላበጠ።

"ይህ ጭስ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "በጥቅምቱ ንግግሬ ይቅር ይበሉኝ።"

ታኅሣሥ ላይ ሊነሣ የነበረው መሣሪያ እስከ ክረምት እንዲቆይ ተወሰነ። ያን ቀን ግን ወርቅነሽ ደብተሯን ተቀብላ የዘጠኝ ሰዓቱን ነፋስ ጻፈችና በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።