ወንድሜን ዋስ አድርጌ ጅቡቲ ገባሁ

ስደተኛ ሁሉ ሲያወራ «በጨለማ ወጣሁ» ይላል። እኔ ከወልቂጤ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ቅል ቅቤ አንጠልጥዬ ነው። አዲስ አበባ ሊሸጥ የሚሄድ ነጋዴ መምሰል ነበረብኝ። በጨለማ ብወጣ «ጠፋ» እባላለሁ፤ ጠፋ ከተባልኩ ደግሞ የሚያዘው ወንድሜ ነው። አውቶቡሱ ወሊሶ እስኪደርስ ዞር ብዬ አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ዱቤ መስጠት ደግ ያስመስላል፤ እኔም ደግ ስመስል ሱቄ ባዶ ቀረች። ዕቃ በብድር የሰጡኝ ነጋዴዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ያኔ አቶ ታፈሰ መጡ። ከሰሜን መጥተው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሠሩ፣ ኋላም የሰው ዕዳ በማስተካከል የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። አበዳሪዎቼን ሰብስበው «ከእንግዲህ እሱ ዘንድ አትሂዱ፤ እኔ ጋ ኑ» አሏቸው።

ወደ እኔ ዞረው፦ «በየወሩ ለእኔ ብቻ ትሰጣለህ፣ እኔ አከፋፍላለሁ። አንተ እንቅልፍህን ተኛ።»

«የድካምዎስ?»

«እሱን ከላዩ አነሳለሁ፤ አታስብ።»

ዋስ ግን ፈለጉ። ታላቅ ወንድሜ ወልዴ ከቸሃ በእግሩ መጥቶ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ። «ወንድም ካልዋሰ ማን ሊዋስ ነው?» አለ። አንድ ወር ባስተጓጉል በሬዎቹ ይሸጣሉ፣ እሱም ይታሰራል። ወልቂጤ ውስጥ በየወሩ ያን ያህል ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ከየት ይምጣ? እንቅልፌንም አልተኛሁም፤ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አለ ሲሉ ሰምቼ ወጣሁ።

እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ ተደብቄ ጅቡቲ ገባሁ። ወደብ ላይ ከረጢት እሸከማለሁ። ሙቀቱ ሰውን በቁሙ ይቀቅላል። ምግቡ ሩዝና ዓሣ ነው፤ ዓሣው ዓይኑን አፍጥጦ ሲያየኝ አበዳሪ ይመስለኛል። ቆጮ ናፈቀኝ፣ «ግባ፣ ቅመስ» የሚል ጎረቤትም ናፈቀኝ። የማድረው ጣራ ላይ ነው። አከራዬ ሐሊማ ድሬዳዋ የኖረች፣ አማርኛ የምታውቅ ሴት ናት።

«ለዚህ ይህን ሁሉ ፍራን ኪራይ? ክዳን እንኳ የለውም እኮ!» አልኳት።

«ነፋስ አለው። ቤት ውስጥ ያሉት ነፋስ የላቸውም።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ከመጣ ጥራኝ፣ እኔም ልየው።»

ፈረንጁ ፖሊስ «ፓፒዬ!» እያለ መታወቂያ ሲጠይቅ ከከረጢቶቹ ኋላ እሸሸጋለሁ። ዱላውን አይደለም የምፈራው። ከመለሱኝ የወሩ ገንዘብ ይቀራል። እስካሁን በአንድ የባቡር ሠራተኛ በኩል ለአቶ ታፈሰ ሳላጓድል ልኬአለሁ።

ጉራጌ የትም ይኑር ለመስቀል አገሩ ይገባል። አበዳሪም ይህን ያውቃልና ቀጠሮውን መስቀል ላይ ያደርገዋል፤ ያልገባ እንደካደ ይቆጠራል። መስቀል ሲቃረብ ጭንቀቱ ባሰብኝና ለወልዴ መልእክት ልኬ በተቀጣጠርንበት ቀን ወልቂጤ ስልክ ቤት ደወልኩ።

«ወልዴ፣ ደህና ነህ?» አልኩት በቋንቋችን፣ በቸሃኛ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ በአማርኛ።

ወንድሜ በሕይወቱ በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም።

«ገንዘቡ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ሁሉም ተከፍሏል። ለመስቀል ና።» ተማሪ ፊደል እንደሚቆጥር አንድ በአንድ ነበር የሚናገረው።

አበዳሪዎቼ ሁሉ የአገሬ ልጆች ናቸው። ቸሃኛ የማይሰሙት አቶ ታፈሰ ብቻ ናቸው፤ የሚለውን እንዲሰሙ አጠገቡ ቆመዋል ማለት ነው። ገንዘቡን በልተውት፣ አበዳሪዎቹ ሲያፋጥጧቸው እኔን ሊያስረክቡ ይሆን?

«ብቀርስ? አንተን ምን ያደርጉሃል?» አልኩት፣ አሁንም በቸሃኛ።

በአንድ ትንፋሽ፣ በቋንቋችን፣ «አትምጣ። ከእስር ቤት ነው ያመጡኝ» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ።

እናንተዬ፣ ፈርቻለሁ። ብሄድ ያስሩኛል፤ ብቀር እሱ እንደታሰረ ነው። የወሩ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብልከው አቶ ታፈሰ ይበሉታል፤ ባልከው ወልዴ ላይ ይብሳል።

በማግስቱ ገንዘቡን እንደ ወትሮው ለባቡሩ ሠራተኛ ሰጠሁት።