ለእትዬ ዘሃራ የሚሆን መኪና

ሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። የምነዳው የሥራ ባልደረባዬ ሊሸጣት ያሰባትን፣ በቤንዚንና በባትሪ የምትሠራ ሃይብሪድ አውቶሞቢል ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘሃራ ጎረቤት የሚሸጠው የናፍጣ ፒካፕ ይጠብቀኛል። እትዬ ዘሃራ ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለእጥበት ደብረ ብርሃን ትመላለሳለች። የሚኒባሱ ነገር እያደከማት ስለመጣ ወንድሞችና እህቶች አዋጥተን መኪና ልንገዛላት ተስማማን። ሁለቱን መኪናዎች ከሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በሚያወጣው ዳገት ላይ ሞክሮ ነዳጅ የሚቆጥበውን መምረጥ ለእኔ ተሰጠ። በቤታችን ስለ መኪና አብዝቶ የሚያወራው እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችኝ። ትኩስ ፍርፍር በልቼ ቀጠልኩ። ጣርማበር ዋሻውን ጉም ውጦታል። ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሃይብሪዷ ጉራዋን አሳየችኝ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ሞተሯ ዝም ይላል፤ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪዋን ይሞላዋል። ደብረ ሲና ቆሎ የሸጠችልኝ ልጅ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ አጠገቧ ስለቆመች ነዳጅ ጨርሼ እየተንከባለልኩ የመጣሁ መስሏት አዘነችልኝ። ከልቤ ሳቅሁ። በዚያ ጉዞ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሮቢት

አርማኒያ የምትባለውን ከተማ ሳልፍ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሮቢት ማደያው በር ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ቤንዚን የለም። ናፍጣ የሚጠብቁት የጭነት መኪናዎች እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ባጃጆች ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ይቀዳሉ፤ ዋጋው የማደያው እጥፍ ነው። ቁጠባ ልለካ የመጣሁት ሰውዬ ከዚያው ጠርሙስ ገዝቼ ሞላሁ።

እትዬ ዘሃራ በረንዳው ጥላ ሥር ትራስ ተደግፋ አገኘኋት። ፊቷ አብጧል፣ እጆቿ ቀጥነዋል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችና የልጆቼን ደህንነት በየስማቸው ጠየቀችኝ። ባለቤቷ ጋሽ ሰይድ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ፤ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዱልኝ። እህቴ ብርጭቆውን አየችው። በዚያ ሙቀት ሐኪም ለቀኑ የሚፈቅድላት ውሃ ጥቂት ነው፤ ጥሙ ሲበረታባት በረዶ ቆርጠው ምላሷ ላይ ያኖሩላታል። ውሃውን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

ዳገቱ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም መኪናዎች ታንካቸው ጢም ብሎ ተሞልቷል። ጋሽ ሰይድ ፒካፑን ከኋላችን ሊነዱ፣ እኔ እህቴን በሃይብሪዷ ልወስድ፣ ደብረ ብርሃን ስንደርስ እንደገና ሞልተን የትኛው ስንት እንደጠጣ ልናይ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ከከተማ የመጣ ዘመድ ባዶ እጁን አይሸኝም። እኔ ከደብረ ብርሃን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ስለማልፍ ጎረቤቱ ሁሉ ሽንኩርቱን፣ ማሾውን፣ ፓፓያውን ወደ ሃይብሪዷ አመጣው። ሻንጣ ማስቀመጫው ሲሞላ የቀረውን ከኋላ ወንበር ላይ ጠቀጠቅነው። አንዱን ኬሻ በጉልበቴ የገፋሁት ራሴ ነኝ።

መኪናዋ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሏል። እትዬ ዘሃራ አርማኒያ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ሚኒባስ ውስጥ ተኝታ እንደማታውቅ ነግራኝ ስለነበር ነገሩ አለቀ፣ መኪናው ተመረጠ ብዬ ደስ አለኝ።

ከደብረ ሲና በላይ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። መኪናዋ ጉልበት አጣች። ዳር ይዤ ቆምኩና ለመኪናዋ ባለቤት ለባልደረባዬ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ከኋላ ወንበር ላይ ምን እንደጫንኩ ነበር። ባትሪው ከወንበሩ ሥር ነው፤ የሚቀዘቅዘው በጎን ባለችው የአየር መግቢያ በኩል ሲሆን፣ እኔ የገፋሁት የሽንኩርት ኬሻ እሷን ደፍኗታል። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ደርሰው ኬሻዎቹን ወደ መንገዱ ዳር ማውረድ ጀመሩ።

እህቴ ነቅታለች። «ይሄ ባትሪ ስንት ዓመት ይሠራል?» አለችኝ።

«በደንብ ከተያዘ ገና ስምንት ዓመት ይሠራል ብሎኛል ባለቤቱ።»

«ስምንት ዓመት ለማን?»

ከኬሻዎቹ አንዱን ጎትቼ አወረድኩ።

«ናፍጣውን ግዙ፣ ወንድሜ» አለች። «እኔ የምፈልገው ለትንሽ ጊዜ ነው። ከኔ በኋላ ሰይድ ሽንኩርቱን ይጭንበታል፣ ልጆቻችንን ያሳድግበታል። ይቺ ግን ምን ትሠራለታለች?»

እንዲህ አትበይ አልኳት። አላህ የጻፈው አይቀርም ብላ ነጠላዋን ሰበሰበችና ወደ ፒካፑ እንድወስዳት እጇን ዘረጋችልኝ፤ የእጥበቷ ሰዓት እየደረሰ ነበር። ጋቢናው ከፍ ስላለባት ጋሽ ሰይድ አቅፈው አስገቧት። ፒካፑ ጥቁር ጭሱን ለቆ ዳገቱን ያለ ችግር ወጣ። መንቀጥቀጡን ልትቋቋም የበሩን እጀታ ስትይዝ አየኋት። እኔ ሽንኩርት መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ደብረ ብርሃን

ባትሪው ቀዝቅዞ፣ ኬሻዎቹን የአየር መግቢያዋን ሳልደፍን መልሼ ጭኜ ሆስፒታሉ ስደርስ እህቴ ከማሽኑ ጋር ተያይዛ ተኝታለች። እኔና ጋሽ ሰይድ ወጥተን መኪናዎቹን ሞላን። ሃይብሪዷ ያ ሁሉ ጭንቅ ደርሶባት እንኳ የጠጣችው ፒካፑ ከጠጣው ግማሹን ያህል ነው። በሌላ በኩል ናፍጣውን ሮቢት ያለ መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል፤ ጭነትም አይመርጥም። የሃይብሪዷ ባትሪ ቢሞት ግን የሚቀይረው አዲስ አበባ ነው፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ይህን ሁሉ ለጋሽ ሰይድ ዘረዘርኩላቸው።

እስክጨርስ ጠበቁኝና «ነገረችህ አይደል?» አሉኝ። «ለኔም ብላኛለች። ወላሂ፣ እሷ ሳትኖር በዚያ መኪና ሽንኩርት ጭኜ ገበያ ስወጣ ራሴን ማየት አልፈልግም። እየተኛች የምትሄድበትን ግዙላት።» ከዚያ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ቤት

ማታ አዲስ አበባ ስገባ ወንድሞቼና እህቶቼ ቤቴ ተሰብስበው ይጠብቁኛል። የነዳጁንም፣ የባትሪውንም፣ የእትዬ ዘሃራንና የጋሽ ሰይድንም ቃል ነገርኳቸው።  ስለ ነዳጅ ፍጆታ ብቻ የምናወራ መስሎን ነበር እንጂ፣ መኪና ስንመርጥ እህታችን እስከ መቼ ትኖራለች የሚለውንም እየወሰንን ኖሯል። በመጨረሻ ሃይብሪዷን መረጥን። ትክክል መሆናችንን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ለእትዬ ዘሃራ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ሰማችኝና «ተሳስታችኋል» አለች።

«ሊሆን ይችላል፣ እትዬ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችም። ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከታመመች ወዲህ ስታለቅስ የሰማኋት የዚያን ዕለት ነው።