ቱርቦው እስኪቀዘቅዝ

የባሌ ጓደኛ ቤታችን ሲመጣ ቶሎ ከመኪናው አይወርድም። በራፋችን ላይ ያቆማል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ሞተሩን ግን አያጠፋም። እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም። መጀመሪያ ስልክ እያወራ ነው አልኩ። ቀጥሎ ዱዓ እያደረገ ይሆናል ብዬ በመጋረጃ ሳየው አፈርኩ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትዕግስቴ አለቀና ወጥቼ መስኮቱን አንኳኳሁ።

“ምን ሆነሃል? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!”

“ቱርቦው ይቀዝቅዝ ብዬ ነው” አለኝ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ነገር።

ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በከንቱ ከሚበተን አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል። መዘውሯ አየር እየጠቀጠቀች ወደ ሞተሩ ትልካለች፣ ሞተሩም በዚያ ጉልበት ያገኛል። ብዙ ከተነዳ ግን መዘውሯ እንደ ፍም ትግላለች። ሞተሩ በድንገት ከጠፋ ዘይቱ እላይዋ ላይ ያርራል። ስለዚህ ባለቤቱ ትንሽ ቁጭ ብሎ ያሳርፋታል። የሚጣል ጭስ መልሶ ሥራ ላይ መዋሉ በጣም ደስ አለኝ፣ ሁለት ጊዜም አስደገምኩት።

“የእኔዋ ራሷን ታቀዘቅዛለች” አለ ባሌ ከወዲያ በኩል። “እንደዚያች አሮጊት አስታማሚ አትፈልግም።”

“ቆይ፣ ስታረጅ እናያታለን” አለ ጓደኛው፣ እየጎረሰ።

ነገራቸው ሁሌም እንዲህ ነው። ባሌ በሥራ ቀን ከዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። እሑድ ሲሆን የራሱን ያወጣል፦ አሜሪካ ሠራሽ፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ደረቷ የሰፋ። ጓደኛው ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ የሸቀጥ ሱቅ አለው፤ የእሱ መኪና ጃፓን ሠራሽ፣ ሰማያዊ፣ ባለ አራት በር፣ ከኋላዋ ክንፍ መሳይ የተገጠመላት ናት። ባሌ የእሱን “የስፌት መኪና” ይላታል። እሱ ደግሞ የባሌን “ወፍጮ ቤት” ብሎ ስም አውጥቶላታል። በበጋ በረዶ ሊጥል ሰማዩ ሲጠቁር ሁለቱም መኪናቸውን ሊያለብሱ የእኔን ብርድ ልብሶች ይዘው ይሮጣሉ። እኔ ውጭ ብሆን የትኛው እንደሚያለብሰኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

መንገድ ላይ ግን አይሽቀዳደሙም። ባሌ “መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው” ብሎ ከመጀመሪያው ቆርጦ ነግሮታል። ፉክክራቸው መብራት ላይ ብቻ ነው። ሃቫና መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ አረንጓዴ ሲበራ ቀድሞ ንቅል ያለው ያሸንፋል፤ ከዚያ ሁለቱም እንደ ጨዋ በተፈቀደው ፍጥነት ይሄዳሉ። ያች ቅጽበት እሑዳቸውን ሙሉ ታስወራቸዋለች። እኔ ጎን ተቀምጬ የምታዘበው የባሌን እግር ነው፤ መብራቱ ከመለወጡ በፊት ጫማው ውስጥ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ።

ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ መጀመሪያ የገባን ጊዜ ጓደኛው የሚኖረው ከእኛ ሥር፣ ምድር ቤት ነበር። እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በዊልቸር እገፋለሁ፤ ባሌ ቫኑ ላይ ነው። ልጃችንን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ጓደኛው ነበር። ሱቁን ለአፍታ ዘግቶ ይሄዳል፣ ያመጣታል፣ የቤት ሥራዋን ባንኮኒው ላይ ያሠራታል። ስታድግ መኪና መንዳት ያስተማራት በዚያችው በሰማያዊዋ ነው። የራሱ ትዳር አልቆየም፣ ልጅም የለው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፣ ግን ደምሬ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ልጃችን ልታገባ ሆነ። በአገር ቤት ወግ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ ሙሽራዋን ከቤት ይወስዳታል። እነዚህ ልጆች ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኝ ተባባሉ። እንግዲህ ማን ያድርሳት?

“እኔ ነኛ!” አለ ባሌ። ቀዩዋን ከገዛት ቀን ጀምሮ ሲያልመው የኖረ ነገር ነበር። መኪናዋን ባጠበ ቁጥር የኋላ ወንበሯን መጥረግ የሚያበዛው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

“በዚያች ወፍጮ? ልጅቷን እንደ እህል ልታስፈጫት ነው?” አለ ጓደኛው። “መንዳት ያስተማርኳት እኔ፣ የማደርሳትም እኔ።”

እየሳቁ ነው የጀመሩት። ሳቁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ መጣ። ልጄን ማን ያድርስሽ ብዬ ብጠይቃት “ማሚ፣ አይ ዶንት ኬር፣ ብቻ ሌት እንዳንሆን” አለችኝ። በኋላ እንግልውድ ውስጥ አንድ ጋራዥ የመኪና ጉልበት የሚለካ ማሽን እንዳለ ጓደኛው ሰማ። ያሸነፈ ሙሽራዋን ያደርሳል ተባባሉ፣ እጅ ተመታቱ። እኔም ማሽኑን ሳላይ ማን ይቀራል ብዬ አብሬ ሄድኩ።

የመኪናዋን ጎማዎች በርሜል በሚመስሉ የሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ አድርገው በሰንሰለት ያስሯታል። ከዚያ ቆማ ትሮጣለች። ጆሮዬን ይዤ እያየሁ፣ ይህን ያህል ጮኾ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር አይቼ አላውቅም ብዬ ሳቅኩ። ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው ፈረንጅ ዴንቨር ከፍታ ላይ ሆና አየሩ ስስ ስለሆነ ሌላ መኪና እዚህ ሲመጣ ይደክመዋል፣ ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ስለሚጠቀጥቅ ብዙም አይጎዳውም አለን። ይህንንስ አውቀዋለሁ። ከአውሮፕላን እያወረድኩ የምገፋቸው መንገደኞች ትንፋሼ አጠረ ይሉኛል፤ አዲስ አበባ ያደግኩት እኔ እየገፋሁም አይታወቀኝ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት የተሟገቱት፣ ሁለቱም መኪኖች እዚህ ስስ አየር ላይ በአንድ ዓይነት ብልሃት፣ በቱርቦ፣ የሚተነፍሱ ሆነው ነው ለካ።

ባሌ አሸነፈ። በጥቂት፣ ግን አሸነፈ። ማሽኑ ያተመለትን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጓደኛው “ይሁና፣ ወፍጮም ጉልበት አለው” ብሎ ጨበጠው። እሱ ተሸንፎ ሰበብ ሳይደረድር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበርና አሳሰበኝ። ከሱቁ የምገዛው አለ ብዬ እሱ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ኮልፋክስ ደረስን። ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረገ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ አጠገባችን ሰው አውርዶ ሄደ።

“ቱርቦው ይቀዝቅዝ” አለ።

“ይቀዝቅዝ። አንተ ግን ምን ሆነሃል?”

መሪውን እያየ ነው የነገረኝ። “ያን ቀን የእኔ ነገር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው የሚያበቃው። ውስጥ እናንተ አላችሁ፣ የክርስትና እናቷ አለች። አዳራሽ ስንገባ ደግሞ እኔ የሙስሊም ምግብ የቀረበበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጥኩ አንድ እንግዳ ነኝ። አልከፋኝም፣ ወጉ ነው። ግን ከቤት እስከ በሩ ያለችው መንገድ ለእኔ የምትሆን መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ከትምህርት ቤት ሳመጣት ኖሬ፣ አንድ ቀን ደግሞ ላድርሳት ብዬ ነው።”

እንባዬ መጣ፣ በራሴም ተናደድኩ። ስለ መዘውርና ስለ ዘይት ስጠይቀው የኖርኩ ሴት ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

“ለእሱ እንዳትነግሪው” አለኝ ሞተሩን እያጠፋ። “ያሸነፈው በሀቅ ነው።”

ቃሌን እንደምንም ጠበቅኩ፤ ባሌ ቤት ገብቶ ጫማውን እስኪያወልቅ ድረስ። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ሲለጥፍ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ።

“ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም? በየመብራቱ ሲለክፈኝ አፍ አለው አይደል?”

“አንተስ ጠይቀኸው ታውቃለህ?”

ጋራዣችን ውስጥ ገብቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ ዞሮ የኋላ ወንበሩን ይመለከታል። አሳዘነኝ። የእሱም ሕልም ሕልም ነው፣ አባቷ ነው። ተወው ልለው አሰብኩ፣ አትተወውም ልለው አሰብኩ፣ ሁለቱንም ሳልል ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ደወለለት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ስማ፣ ችግር ተፈጥሯል። ቬሎው እኔ መኪና ውስጥ አልገባ አለ።”

ቡናዬ ትን አለኝ። ቬሎው ገና ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነበር፤ እንኳን መኪና ውስጥ፣ ቤታችንም አልገባም።

የጓደኛው ሳቅ ቤቱን ሞላው። “አላልኩህም! በር የሌላት መኪና! ጉልበት ብቻውን ምን ያደርጋል? ሙሽራ የማትይዝ መኪና መኪና ናት?”

“ልክ ነህ” አለ ባሌ።

ስለ መኪና “ልክ ነህ” ሲለው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጓደኛው እስኪጠግብ ፎከረበት። ባሌ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ እየከተተ ሰማው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሰማያዊዋ ታጥባ፣ ነጭ ሪባን ታስሮላት መጣች። ጓደኛው ሙሉ ልብስ ለብሷል። ልጄ ቬሎዋን ሰብስባ ከኋላ ገባች። “አንክል፣ ኖ ቱርቦ ቱዴይ፣ ፕሊስ፣ ፀጉሬ ይበላሻል” አለችው። “እንደ እንቁላል ነው የምይዝሽ” አላት።

እኛ በቀዩዋ ተከተልን። ሃቫና ላይ መብራት ያዘን፣ እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ቆሙ። የባሌን እግር አየሁ። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። አረንጓዴ ሲበራ ሰማያዊዋ እንደ ሕፃን ጋሪ ቀስ ብላ ተነሳች። ባሌ እስክትርቅ ጠበቀ፣ ከኋላችን ጡሩምባ ተነፋብን፣ ከዚያ ተከተላት። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ብስክሌት ነጂ ሳይቀር አለፈን።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ እልልታው ቀልጧል፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ቆሟል። ሰማያዊዋ ቆመች። የሚወርድ ግን የለም። ሞተሯ አልጠፋም።

“ኧረ ቄሱ እየጠበቁ ነው!” አልኩ። “በዚህ አነዳድ ደግሞ የምን ቱርቦ ይሞቃል?”

በኋላ መስታወቷ በኩል የልጄን ነጭ ዓይነ ርግብ አየሁ። ወደ ፊት ዘንበል ብላ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋለች። እሱ መሪውን እንደያዘ ነው።

ባሌ ሞተሩን ሊያጠፋ የሰደደውን ጣቱን መለሰ።

“ተይው” አለኝ። “ይቀዝቅዝለት።”

ራሷን የምታቀዘቅዘውን የእኛንም ሳያጠፋት ጠበቀ።