ሞተሬን ያቆምኩበት ጥላ

ግራ እግሬ በልጅነት ልምሻ የሰለለ ነው። ዓለም ከተማ ተመድቤ ሥራ ስጀምር የተከራየሁት ቤት ከታች ከገበያው አጠገብ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ያንን ዳገት በክራንች ወጥቼ መዝገብ ቤት ስገባ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ይህን የሰማ ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን ያገለገለ ሞተር ሳይክል አይሱዙ ላይ ጭኖ መጣ።

«በየትኛው እግሬ ልነዳው ነው?» አልኩት።

«በያጅ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» አለኝ።

የከተማው በያጅ ሞተሩን ደጋግሞ ከዞረው በኋላ ከኋላ ግራና ቀኝ ትንንሽ ጎማዎች ጨመረበት። በግራ እግር የሚቀየረውን ማርሽ ረጅም ብረት በይዶለት በእጅ እንዲቀየር አደረገው። መልኩ አያምርም፤ ስነዳው ደግሞ እንደ ወፍጮ ይንጫጫል። ግን ዳገቱን ወጣ። ሴት በሞተር አይቶ የማያውቅ ገበያተኛ፣ ያውም ክራንቿን ከጎኗ አስራ፣ አህያውን ይዞ ዳር ይቆምልኛል። አንዳንዱ ያማትባል። እኔ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ችግሩ ማቆሚያው ነበር። የግቢው በር ደረጃ ስላለው ባለ ጎን ጎማው ሞተሬ አይገባም። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያለው ድንጋያማ መንገድም ለትንንሾቹ ጎማዎች አይሆንም። ስለዚህ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አቁሜው የቀረውን በክራንች እሄዳለሁ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ። አንድ ጠዋት ክራንቼ አንሸራተተኝና ባለጉዳዩ ሁሉ እያየኝ በግንባሬ ተደፋሁ። ብብቴ ሥር የያዝኳቸው ፋይሎች ጭቃው ላይ ተበተኑ።

ያነሱኝ ማመልከቻ ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው። ከግቢው በር በስተግራ፣ ትልቁ ዋንዛ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ በርጩማ ነበራቸው። የመንዝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ኋላ ወታደር ቤት ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ መንግሥት ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሚስታቸው አገር መርሐቤቴ ገብተው በዚያው ቀሩ። ከቆላ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። ክሱንም፣ ይግባኙንም፣ አቤቱታውንም እሳቸው ይጽፉለታል።

በርጩማቸው ላይ አስቀምጠውኝ ጭቃውን ከፊቴ በመሀረባቸው ጠረጉልኝ።

«ልጄ፣ ለምን አታመለክቺም?» አሉኝ።

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«ሞተሬን ደጅ ድረስ አስገቡልኝ ብለሽ ነዋ! አንቺ ዝም ካልሽ እነሱ ከየት ያውቁልሻል?»

እኔ መጻፍ አያቅተኝም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አንስተው እዚያው ጻፉልኝ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው በጣም አስጠግተው ነበር የሚጽፉት፤ የአጻጻፍ ልማዳቸው ነው ብዬ አለፍኩት። አንዱ ዓረፍተ ነገር እስካሁን በቃሌ አለ፤ «ሠራተኛዋን ከሞተሩ እስከ ቢሮዋ ያለው መንገድ፣ ከቤቷ እስከ ሞተሩ ማቆሚያ ካለው መንገድ ይልቅ ያደክማታል።»

ኃላፊያችን አካል ጉዳተኞችን ስለማካተት ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰሞን ነበር። ማመልከቻውን ባነበበ ማግስት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ጠራኝ። የግቢው በር ላይ ወጥተን ቆምን።

«የት ይመችሻል? ራስሽ ምረጪ» አለኝ።

ከበሩ በስተቀኝም በስተግራም ሜዳ አለ። የቀኙ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ባለጉዳይ አህያውን የሚያስርበት ነው። የግራው ዋንዛው ሥር ነው። ጋሼ የእህታቸው ተዝካር ኖሮባቸው መንዝ ሄደው ስለነበር ጠረጴዛቸው ዘበኛው ቤት ገብቷል፤ ቦታው ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑ አላታለለኝም። የማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አሰብኩ፤ ጋሼም ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ አልኩ በልቤ።

«እዚያ ጋ» ብዬ በክራንቼ ወደ ዋንዛው ጠቆምኩ።

ሥራው ይፈጥናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ዋንዛው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ከዚያ እስከ በሩ ድረስ በሲሚንቶ ለስላሳ መወጣጫ ተሠራ፤ ግራና ቀኝ ብረት ተተከለ። በቆርቆሮ ላይም «ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ብቻ» ተብሎ በነጭ ቀለም ተጻፈ። ፈቀቅ የሚባልበት ቦታ አልተረፈም።

ጋሼ ከመንዝ የተመለሱ ዕለት በሞተሬ ስደርስ ጠረጴዛቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከዘበኛው ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ሞተሬን አጠፋሁ። መውረድ ግን አቃተኝ።

«ተሳካልን!» አሉኝ፤ ፊታቸው በደስታ በርቶ። «ይኸውልሽ፣ ስንት ዘመን ስጽፍ እንዲህ ቶሎ የሠራልኝ ማመልከቻ የለም!»

«ጋሼ፣ እርስዎስ የት ሊቀመጡ ነው?»

«እኔማ የትም እቀመጣለሁ፤ ጠረጴዛ ነው፣ ይነሳል።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛቸውን እንደተሸከሙ ቁልቁለቱን ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ማን እንደጠቆመ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ማቆሚያው ወደ ቀኝ ይዛወርልኝ» አልኩት።

«ሲሚንቶው ደርቋል እኮ! ደግሞ አንቺው ነሽ የመረጥሽው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እውነቱን ነው የተናገረው፤ እኔን ያንገበገበኝም እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ታይፕራይተር ያለው ጎረምሳ መጥቶ ከበሩ በስተቀኝ ጃንጥላ ተከለ። ከቆላ የሚመጣው ሁሉ እሱ ጋ መሰለፍ ጀመረ። ጋሼ መናኸሪያው ጥግ፣ የቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የአውቶቡስ ጭስ እየጠጡ፣ ትኬት የሚጠይቃቸው እንጂ ማመልከቻ የሚያጽፋቸው ሰው አጥተው ይውላሉ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን በስተቀኝ አልተቀመጡም? ልጁ ከመምጣቱ በፊት ቦታው ክፍት ነበር እኮ።»

ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፀሐይ ላይ መጻፍ አልችልም ልጄ። ዓይኔ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ መስመሩም ፊደሉም ይጠፋብኛል። ጥላ ውስጥ ሲሆን እንደምንም አየዋለሁ።»

ለወራት ወረቀቱን ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉ አይቻለሁ። ሰው የኔን እግር እያየ እንዳላየ ሲያልፈኝ የሚሰማኝን ንዴት አውቀዋለሁ፤ እኔ ግን የእሳቸውን ዓይን በትክክል እንደዚያው አልፌዋለሁ።

«እንግዲያው እናመልክት!» አልኩ። «ለእርስዎም እኮ ይገባዎታል። እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

«ምን ብለሽ? ዓይኑ የማያይ ጸሐፊ ነው ብለሽ?» ሳቅ አሉ። «ከዚያ ወዲያ ማን ክሱን ያጽፈኛል? ይልቅ ይህን ነገር ለማንም እንዳትተነፍሺ። በእግዜር ይዤሻለሁ።»

ስለዚህ ለኃላፊው የምነግረው አንድ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ፣ እሱንም መናገር አልችልም።

የማደርገው ሲጠፋኝ ሞተሬን እንደ ድሮው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ማቆም ጀመርኩ። ቦታው ባዶ ሆኖ ከታየ ይመልሱላቸዋል ብዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው የራሱን ሞተር ዋንዛው ሥር አቆመ። ዘበኛው ሊያሳዝነኝ ፈልጎ ይሁን ሊመክረኝ፣ «አንቺ ካልፈለግሽው ሌላው ይፈልገዋል» አለኝ። በሳምንቱ ክራንቼ እንደገና አንሸራተተኝ፤ አልወደቅኩም ግን ፈራሁ። በማግስቱ ሞተሬን ወደ ዋንዛው ሥር መለስኩት። መወጣጫው ለስላሳ ነበር። እግሬ አረፈ። ማረፉን ስወደው ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ጋሼ ቢሮዬ መጥተው በሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ልሰናበትሽ ነው» አሉኝ። «ሴት ልጄ መንዝ፣ ጓሳ አጠገብ ነው ያለችው። ና ብላኛለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እዚህ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?»

«ነገ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ እኔ አደርስዎታለሁ። ዕቃ ተሸክመው አይሄዱም።»

«በዚያች ሞተር?»

«በዚያች ሞተር።»

በማግስቱ ማለዳ ደጃቸው ደረስኩ። ሰው አፈናጥጬ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛቸውን ገልብጠን የጎን ጎማዎቹን በያዘው ብረት ላይ በገመድ አሰርን። ጋቢያቸውን ጠቅልለው ከኋላዬ ተቀመጡና ትከሻዬን ያዙ። ቁልቁለቱ ላይ ስንገባ ሞተሩ ከክብደቱ የተነሳ አጓራ።

«ፍሬን አለው አይደል?» አሉ ከኋላ።

«አለው ጋሼ፣ አይስጉ!»

«እንግዲያው ትንሽ ልቀቂው።»

ለቀቅኩት። ነፋሱ ጋቢያቸውን ሲያራግበው ሲስቁ ሰማኋቸው። ያን ጊዜ ልነግራቸው ፈለግኩ። ሞተሩ ስለሚጮህ ግማሹን ባይሰሙኝም ግድ አልነበረኝም።

«ጋሼ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዋንዛውን የጠቆምኩት እኔ ነኝ! ኃላፊው የት ይመችሻል ሲለኝ እኔ ነኝ የጠቆምኩት!»

ትከሻዬን የያዘው እጃቸው አልላላም፣ አልጠበቀምም። መናኸሪያው ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋው ቀስ ብለው ወረዱ፤ ገመዱን እየዳሰሱ ቋጠሮውን ፈለጉት።

«ዘበኛው የመጣሁ ዕለት ነግሮኛል» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም። ረዳቱ ጠረጴዛውን ተቀብሎ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወረወረው፤ «ቀስ! እንጀራዬ ነው!» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ደረጃውን በእጃቸው እየፈለጉ ወጡና በመስኮት በኩል ተቀመጡ። እጄን አወዛወዝኩላቸው። እሳቸው ወደኔ አቅጣጫ ቢመለከቱም አላወዛወዙልኝም፤ አይተውኝ ይሁን ሳያዩኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራ አርፍጄ ገባሁ። ኃላፊው በሩ ላይ ሰዓቱን እያየ ቆሞ ነበር።

«ዛሬ ምነው?» አለኝ።

«ሞተሩ አልነሳ ብሎኝ ነው» አልኩትና መወጣጫውን ይዤ ገባሁ።