ዋርሳዋን ለመቅጣት የተወችው መጠጥ

የሙሽራ ልብስ ትሰፋለች። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መቀስ» ይላታል፤ መስመር ሳታሰምር፣ በዓይኗ ለክታ ስለምትቆርጥ ነው። ሱቁን የከፈቱት ከባሏ ጋር ነበር። ባሏ ሲሞት ጎኗ የቀረው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው።

ዋርሳዋ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ጠርሙስ ይዞ ይመጣ ጀመር። «እትዬ፣ እንቅልፍ እንዲወስድዎ ትንሽ ይቅመሱ» ይላል አንገቱን ደፍቶ። መጀመሪያ ለእንቅልፍ ጠጣች። እየቆየ ግን ጠዋት ካልቀመሰች ክሩ በመርፌው ዓይን አልገባ አላት። እጇ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሱ «እርስዎ አረፍ ይበሉ» እያለ ቁልፉንም ደንበኛውንም ተረከበ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መለኪያ ክፍሉ ውስጥ የቱል ጨርቅ ክምር ላይ ተኝታ ስትነቃ፣ ከመጋረጃው ማዶ ዋርሳዋ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማች።

«ጠርሙሱ በእሷ እጅ እስካለ፣ መቀሱ በእኔ እጅ ነው!»

ብርጭቋቸውን አጋጩ፤ ጓደኛው ተንከተከተ። ወጥታ ፊቱን ልትቧጭረው ተነሳች፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። የሰከረች ሴት ብትጮህ ማን ይሰማታል? መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛ «ቆይ፣ ብቻ ቆይ» አለች በሆዷ።

በራሷ ልታቆም ሞክራ ላብ አጠመቃት፤ ብዙም ሳትቆይ ራሷ ሄዳ ጠርሙስ ገዛች። መድኃኒት ቤት ገብታ «ለሚንቀጠቀጥ እጅ ክኒን አለሽ?» ስትል ሻጯ አየት አድርጋት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ፣ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም ይዩ። ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ መኪና ማሠልጠኛው ፎቅ ላይ የሚሰበሰቡ አሉ፤ ጠጥተው የተዉ ናቸው። አባቴም አንዱ ነው።»

ሐኪም አየች። ማክሰኞ ደግሞ ፎቁን ወጥታ ባገኘችው ክፍት በር ገባች። ወንበር ሳበች፤ ሁሉም ደብተር ይዘዋል። ከፊት የቆመው ሰው ቀይ ምልክት አንስቶ ወደ እሷ ጠቆመ።

«እስቲ እናት፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ቁም» አለች።

«ካላቆምንስ?»

«እንገለበጣለን።»

«ጎበዝ!» አለ የመኪና አስተማሪው። መሳሳቷ ገብቷት እያፈረች ስትወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ሻይ የያዘ የጭነት መኪና ሾፌር «የኛዎቹ በዚህ በኩል ናቸው» ብሎ ወሰዳት። እንዴት እንዳወቃት አልጠየቀችም።

ክብ ሠርተው የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ተናገሩ። ተራዋ ሲደርስ ነገሩን አልሸፋፈነችም።

«እኔ ልድን አልመጣሁም። ዋርሳዬን ላቃጥለው ነው የመጣሁት። ቆሜ ሲያየኝ እንዲደርቅ።»

አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቂምም ቢሆን እግር ሆኖ ካመጣሽ ደግ ነው፣ ልጄ። ግን ሰውዬው ቢሞትስ? በማን ተናደሽ ልትተይ ነው?»

«ወንድሞች አሉት» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

ዋርሳዋ ጠርሙስ ማምጣቱን አላቆመም። «ተባረክ» ብላ ትቀበልና፣ ሳትከፍተው ለጎረቤቷ ጫማ ሠሪ በጓሮ መስኮት ታቀብለዋለች፤ እሱ ቱቦ ውስጥ ይደፋላታል። ዋርሳዋ ፊት ግን እንደ ሰከረ ሰው ትንተባተባለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ መስኮቱ ተዘግቶ ስታገኘው ተሸንፋ ጠጣች፤ ማክሰኞ ሄዳ ያንንም ተናገረች።

በመጨረሻ ዋርሳዋ የሕንፃውን ባለቤት ይዞ መጣ። «ይኸው፣ እትዬ ያሉበትን ሁኔታ ራስዎ ይዩት። የሱቁን የኪራይ ውል በእኔ ስም ያድርጉልኝ» አለ ከበሩ ሳያልፍ።

እትዬ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሐር ዘርግታ ነበር። ቀና ሳትል መቀሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳችው፤ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ከዚያ ለባለ ሕንፃው ወንበር አቀረበች።

«እጄን አዩልኝ? አሁን የዚህን ሰው አፍ ያሽትቱልኝ። ቀን በቀን የሚጠጣው እሱ ነው።»

ባለ ሕንፃው አፍንጫውን ያዘ። ዋርሳዋ ቀላ፣ ጠቆረ። «አንቺ ሰካራም!» አለ፤ አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

«ቁልፉን አስቀምጥ» አለችው። አስቀመጠ።

ደስታዋ እንደ ማር ነበር፤ ግን እስከ ማግስቱ እንኳ አልዘለቀም። ከእንግዲህ የምትጠብቀው የበቀል ቀን አልነበራትም፤ ሳታውቀው መጠጥ ቤቱ በር ላይ ራሷን አገኘችው። እዚያው ቆማ ለጡረተኛዋ አስተማሪ ደወለች።

«ቀጣሁት እኮ። ታዲያ ለምን ጠማኝ?»

«ጥሙ ድሮም የሱ አልነበረማ» አሉ አሮጊቷ። «ያለሽበት ቁሚ፣ መጣሁ።»

ዛሬም ማክሰኞ አትቀርም፤ አሁን የሚያስኬዳት ሌላ ነው። ይቅርታ ግን አላደረገችለትም። ባለፈው የዋርሳዋ ልጅ ልታገባ ሆነና «ከርስዎ በቀር ማንም አይሰፋልኝም» ብላ መጣች። ልጅቷ ምን በደለች? ተቀበለቻት፤ በእጇ ካለፉት ሁሉ ያማረውን ሰፋችላት።

ልብሱን ለመለካት ስትመጣ አባቷ አጅቧት መጣ። እትዬ መቀስ ልጅቷን አስገብታ በሩን እፊቱ ዘጋችው። ዝናብ ወረደ።

«አባዬ እኮ ደጅ ነው» አለች ልጅቷ በመስኮት እያየች። «ጃንጥላ የለዎትም?»

«አለኝ» አለች እትዬ መቀስ፤ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ወደ ቀሚሱ ጠርዝ ጎንበስ አለች።