አማርኛ ኢንተርኔት ውስጥ አይገባም በተባለ ጊዜ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ የሰፈራችን የመጀመሪያው ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሩ ላይ ተጋፍተን የሞደሙን ጩኸት እንሰማ ነበር። የሞቀ ፕላስቲክ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

የኮምፒውተር ትምህርታችን ግን በጠመኔ ነበር። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ኪቦርድ ይስላሉ፤ እኛ ዴስካችንን በጣታችን እንቀጠቅጣለን። ስለ ወደፊቱ ማውራት ይወዱ ነበር። ስናድግ ፖስታ ቤት ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይኖርም ይሉናል። አንድ ቀን ታዲያ፣ «አማርኛ ኢንተርኔት ውስጥ አይገባም። ልጅ ስትወልዱ የጓዳ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል፤ ከአሁኑ እርማችሁን አውጡ» አሉን።

እጄን ሳላወጣ ተነሳሁ። «ለምን አይገባም? እኛ እናስገባዋለን!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብለው አስወጡኝ።

እናቴ ከጉራጌ አገር መጥታ፣ አማርኛን እዚሁ ሱቅ ስትነግድ የለመደች ሴት ናት። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ፣ ሻሿን አጥብቃ መጣች። መምህሩ ድፍረቴን ሲነግሯት እስከ መጨረሻው ሰምታ ጠየቀች።

«ተሳድባለች?»

«አልተሳደበችም፤ ግን ከመምህር ጋር ተከራክራለች።»

«እንግዲህ ጋሼ» አለች እናቴ፣ «እኔም አዲስ አበባ ስገባ ጉራጌኛሽ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል ብለውኝ ነበር። ይኸው እሷን በሱ እሹሩሩ ብዬ አሳደግኳት። የልጄን ቋንቋ ገና ሳትጽፍበት አይቅበሩባት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ «ግቢ» ብቻ አሉኝ።

ያን ቅዳሜ እናቴ ኢንተርኔት ቤት ይዛኝ ሄደች። ባለቤቱ አንድ የአማርኛ ገጽ ቢከፍትልን፣ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ። «ፊደላችንን አያውቀውም» አለን ሰውዬው። «ይማራል» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ያልሽውን ካላደረግሽ ግን የምገርፍሽ እኔ ነኝ!» አለችኝ።

ይኸው ለልጆች ስለ ከዋክብትና ስለ ነፍሳት በአማርኛ እየጻፍኩ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ። ትምህርት ቤቶቹም እንደሞሉ ናቸው። የዛሬዎቹ ተንባዮች ደግሞ፣ ከእንግዲህ ማሽን ይጽፍላችኋል፣ እናንተ አትድከሙ ይሉናል። እኔ አሁንም አልቀበልም።

ባለፈው ልጄ ስልኩን በአማርኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። የተጣመመ መልስ ሰጣት። ወደ እንግሊዝኛ ትቀይረዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ ተቆጣችው።

«እንደሱ አይባልም! እኔን ስማ።»